የተቆረጠ የኤክስቴንሽን ገመድ ለስፒከር ይሆናል?

ሰላማዊ_ጆሮ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነበረች፣ ስጽፋት ረዘመች፣ ታገሱኝ።

አንድ ያረጀ ግን ጤነኛ አምፕ እና ሁለት የመደርደሪያ ስፒከሮች አሉኝ። ስፒከሮቹ ጀርባቸው ላይ 8 ኦም ይላል። አብሯቸው የመጣው ገመድ ከክር ትንሽ ወፈር ያለ ነገር ነው፣ እሱም ቢሆን አይደርስም። የግራው ስፒከር ከአምፑ ቢርቅ 3 ሜትር ነው። የቀኙ ግን በሩን ዞሮ በግድግዳው ጥግ ጥግ ስለሚሄድ 9 ሜትር ገደማ ይፈልጋል።

ገመድ ከመግዛቴ በፊት ቤት ያለውን ስፈታትሽ እነዚህን አገኘሁ፦ ዲቫይደሩ የተሰበረ ኤክስቴንሽን (ገመዱ ግን ደህና ነው፣ ረጅምም ነው)፣ ከኢንተርኔት ዝርጋታ የተረፈ የኔትወርክ ኬብል፣ አንድ ጥቅል የዲሽ ኬብል፣ እና ጠፍጣፋ የስልክ ገመድ።

አንዱ ጓደኛዬ «የመብራት ገመድ ድምፁን ይገድለዋል፣ አምፑንም ያቃጥለዋል» ብሎ አስፈራርቶኛል። ሌላው ደግሞ «ሽቦ ሽቦ ነው፣ ዝም ብለህ እሰረው» ይላል። ማንን ልስማ?

ካውያ_ያዥ

ሁለተኛው ጓደኛህ ለእውነት ይቀርባል፣ «ዝም ብለህ» የምትለዋን ቃል ብቻ አውጣለት።

ገመዱ ለምን ተብሎ እንደተሠራ ድምፁ አያውቅም። የሚያውቀው ሦስት ነገር ነው፦ ውስጡ ምንድን ነው፣ ምን ያህል ወፍራም ነው፣ ምን ያህል ረጅም ነው። እነዚህ ተደምረው ሬዚስታንስ ይሆናሉ፣ ገመዱ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግድ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ባለ ርቀት ከዚህ ውጭ የሚያሳስብ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መለኪያ አለ። የገመዱ ሬዚስታንስ፣ ደርሶ መልሱ አንድ ላይ ተቆጥሮ፣ ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ አይለፍ። ለ8 ኦም ስፒከር 0.4 ኦም ማለት ነው፣ ለ4 ኦም 0.2። ደርሶ መልስ ያልኩት ሂሳቡ የሚበላሸው እዚህ ጋ ስለሆነ ነው። ስፒከሩ 9 ሜትር ከራቀ ኤሌክትሪኩ የሚሄደው 18 ሜትር ነው።

የመዳብ ገመድ በሜትር የሚኖረው ሬዚስታንስ እንዲህ ነው፦ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር የሆነው 0.026 ኦም፣ 1.5 የሆነው 0.013፣ 2.5 የሆነው 0.008 አካባቢ። ስለዚህ ለ8 ኦም ስፒከር 0.75ቱ እስከ 7 ሜትር ተኩል፣ 1.5ቱ እስከ 15 ሜትር፣ 2.5ቱ እስከ 25 ሜትር ያለ ሐሳብ ይወስድሃል። ለ4 ኦም ሁሉንም በግማሽ ቀንስ።

ስለዚህ ኤክስቴንሽኑን ውሰድ። የኤክስቴንሽን ገመድ ብዙ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ያሉት ተጣጣፊ ገመድ ነው፣ ለስፒከር ከሚሸጠው ገመድ የሚለየው በፕላስቲኩ ብቻ ነው። ከላዩ ላይ የተጻፈውን አንብበህ ቁጥሩን ንገረን። ብዙ ጊዜ «3ጂ 0.75» ወይም «3×1.5» የሚል ነገር በየሜትሩ ታትሞበታል፣ በደብዛዛው ስለሆነ በስልክህ መብራት በሰያፍ አብራበት።

የስልክ ገመዱን እርሳው፣ ለዚህ በጣም ቀጭን ነው። የዲሽ ኬብሉንም ለዚህ ሥራ አትንካው።

እና ከሁሉ በፊት ስፒናውን ቁረጠው። ሌላ ሥራ ሳትጀምር ፒንሳ አንሣና ቁረጥ።

ጆሮዬ_ይመስክር

ይቅርታ ግን «ገመድ ገመድ ነው» የሚለው ነገር ሁሌ ይገርመኛል። የመብራት ገመድ የተሠራው ለመብራት ነው። የስፒከር ገመድ ኦክስጅን የወጣለት ንጹሕ መዳብ ነው፣ ሽቦው የተጠማዘዘበት መንገድ እንኳን ተጠንቶ ነው። እኔ ቀይሬ ሰምቻለሁ፣ ልዩነቱ ግልጽ ነው፣ ላይኛው ድምፅ ይከፈታል፣ ድምፃዊው ወደ ፊት ይመጣል። በሌላው ነገር ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ መጨረሻ ላይ በተሰበረ ኤክስቴንሽን ማሰር አይገባኝም። ድግግሞሽ ከፍ ሲል ኤሌክትሪኩ በሽቦው ዳር ዳር ብቻ የሚሄድበት ስኪን ኢፌክት የሚባል ነገርም አለ፣ አንብቡት።

ካውያ_ያዥ

እህቴ፣ የሰማሽውን አልሰማሽም አልልሽም። ግን የቀየርሽው ገመድ ቀጭን ከነበረ ወይም ጫፉ ዝጎ ከነበረ ልዩነት መስማትሽ አይገርምም፣ ያ ሬዚስታንስ ነው። ድምፁ በትንሹም ቢሆን ከፍ ካለ ጆሮ «ጠራ» ብሎ ነው የሚተረጉመው፣ ይሄ የሁላችንም ጆሮ ነው።

ኦክስጅን የወጣለት መዳብ ያልሽው እውነት አለ፣ ይሸጣል። ግን ተራ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራበት መዳብም ከ99.9 በመቶ በላይ ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ባይሆን ኤሌክትሪክ በደንብ አያስኬድም። በመሃላቸው ያለው የሬዚስታንስ ልዩነት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ገመዱን በእጅ መዳፍ ያህል ብታሳጥሪው ያንኑ ታገኛለሽ።

ስኪን ኢፌክትም እውነት ነው፣ ሬዲዮ ላይ ለሚሠራ ሰው ራስ ምታት ነው። ለድምፅ ግን ጆሯችን የሚሰማው መጨረሻ 20 ኪሎ ኸርዝ ላይ እንኳን ኤሌክትሪኩ ወደ መዳቡ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይገባል። 1.5 ካሬ ሽቦ ከመሃሉ እስከ ዳሩ 0.7 ሚሊሜትር ነው። ይሄ ነው የምንጣላበት ነገር።

በነገራችን ላይ ማኪንቶሽ የተባለው የአምፕ ኩባንያ ውስጥ የስፒከር ምርምሩን ይመራ የነበረው ሮጀር ራስል ጡረታ ከወጣ በኋላ ስለ ስፒከር ገመድ በሰፊው ጽፏል። የሚመክረውም ወፈር ያለ ተራ መንታ የመብራት ገመድ ነው። ገመድ መሸጥ የማይፈልግ ባለሙያ ሲናገር ደስ ይለኛል።

ኬብል_ሰብሳቢ

ስለ ኔትወርክ ኬብሉ ማንም አላነሣም፣ እኔ ላንሣው።

ውስጡ 8 ሽቦ አለ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ። እያንዳንዱ 0.2 ካሬ ገደማ ነው። አንዱ ብቻውን ምንም አይረባም። ግን አራቱን አንድ ላይ ብታስራቸው 0.8 ካሬ ይሆናል፣ አራቱ ለፖዘቲቭ አራቱ ለኔጌቲቭ። ሙሉ ቀለም ያላቸውን በአንድ ወገን፣ ነጭ ያለባቸውን በሌላ ወገን አድርግ፣ ለማስታወስም ይቀላል። ለ3 ሜትሩ የግራ ስፒከር ከበቂ በላይ ነው። ምንጣፍ ሥር ለማስገባት ወይም ከበሩ ፍሬም ጎን ለመለጠፍም ቀጠን ያለ ስለሆነ ከኤክስቴንሽኑ ይመቻል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ብዙው የኔትወርክ ኬብል ውስጡ ድፍን ሽቦ ነው። አንዴ ዘርግተህ ከተውከው ዕድሜ ልክ ይቆያል፣ በየጊዜው ስፒከሩን የምታንቀሳቅስ ከሆነ ግን ጫፉ ላይ እየታጠፈ ይሰበራል። ልጣጩን ስትልጥም ሽቦውን በቢላ ከጫርከው የሚሰበረው እዚያው ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሰው ሦስትና አራት ኔትወርክ ኬብል እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ ይሠራል። አታድርገው። ሲበዛ ገመዱ ራሱ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ይሆናል፣ አንዳንድ አምፕ ደግሞ ያን አይወድም፣ ጆሮ በማይሰማው ድግግሞሽ ይርገበገብና ይሞቃል። አንድ ኬብል ላንድ ስፒከር፣ በቃ።

ቴስተር

ከላይ የተባለው ሁሉ «መዳብ ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለበት። እዚያ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው።

ርካሽ የኔትወርክ ኬብል፣ ርካሽ ኤክስቴንሽን፣ «የስፒከር ገመድ» ተብሎ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ የሚሸጠው ሳይቀር፣ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ከላዩ መዳብ የተለበጠ ሊሆን ይችላል። መልኩ ያው ነው። ሬዚስታንሱ ግን ከመዳቡ በአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። 1.5 ነው ብለህ የገዛኸው እንደ 1 ካሬ ነው የሚሠራልህ።

ለመለየት ጫፉን ላጥና አንድ ቀጭን ሽቦ ለይተህ በምላጭ ፋቀው። ሥሩ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፤ ከላዩ ነጭ ሆኖ ሥሩ ቀይ ከወጣ ግን ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው። ከዚያ የተቆረጠውን አናት እየው። መሃሉ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፣ ነጭ ከሆነ አይደለም። አሁንም ከተጠራጠርክ አንዲቱን ክር በፒንሳ ይዘህ ላይተር አሳያት፣ ፕላስቲኩን አርቀህ። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ነው የሚቀልጠው፣ ቀጭን ከሆነ ወዲያው ይልፈሰፈሳል ወይም ይንጠባጠባል። መዳብ ከ1,080 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ቀልቶ ጠቁሮ ቀጥ ብሎ ይቀራል።

የዲሽ ኬብሉን ደግሞ በማግኔት ሞክረው። ብዙ ጊዜ መሃል ያለው ወፍራም ሽቦ ማግኔት ይስበዋል፣ ምክንያቱም ብረት ላይ መዳብ ተለብጦ ነው። ለቴሌቪዥን ሲግናል ይሄ ችግር የለውም፣ ሲግናሉ በላይኛው ልባስ ብቻ ነው የሚሄደው። (ስኪን ኢፌክት ያለ ቦታው ተነሥቶ ነበር፣ ቦታው ይሄ ነው።) ለስፒከር ግን በዚያ ብረት ውስጥ ነው የምታሳልፈው። ዙሪያውን ያለው መረብም አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ ሊድ አይዝልህም።

ግን አትጣለው። አንድ ቀን የራሱ አምፕ ያለው ሳብ ዎፈር (የቤዝ ስፒከር) ከገዛህ፣ ከአምፑ ወደ ሳቡ የሚሄደው ደካማ ሲግናል ስለሆነ መከለያ ያለው ገመድ ይፈልጋል። ያኔ የዲሽ ኬብሉ ጫፉ ላይ አርሲኤ የሚባለው መሰኪያ ተገጥሞለት ጥሩ ይሠራል። እዚያ ላይ ደግሞ የኤክስቴንሽን ገመድ ብታስር «እምምም» የሚል ድምፅ ቤትህን ይሞላዋል።

ፈጣን_መልስ

እኔ ቤት ኤክስቴንሽኑን ስፒናውንም ሶኬቱንም ሳልቆርጥ ነው የተጠቀምኩት። አምፑ ጋ ሴቷ አለች፣ ስፒከሩ ጋ ወንዱ። ቤት ስናጸዳ ነቀል ሰካ ነው፣ ይመቻል። ምን ችግር አለው?

ካውያ_ያዥ

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ቁረጠው። ስፒከርህ ላይ የሚንጠለጠል የመብራት ስፒና አለ ማለት እኮ አንድ ቀን አንድ ሰው፣ ልጅ ይሁን እንግዳ ወይም የምታጸዳልህ ሰው፣ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል ማለት ነው። 220 ቮልት ስፒከሩ ውስጥ ሲገባ ኮይሉ በቅጽበት ይነድዳል፣ ካጠገቡ መጋረጃ ካለ እሳት ነው። ወንዱን በአምፑ በኩል ያደረገ ሰው ደግሞ ሌላኛው ጫፉ የተላጠ ሽቦ ከሆነ ሰው ይገድላል። አንተ ታውቀዋለህ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሌላው ሰው አያውቅም። ነቀል ሰካ ከፈለግክ ለስፒከር የሚሆን ባናና የሚባል ጫፍ አለ፣ እሱን ግጠም።

ሰላማዊ_ጆሮ

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ስፒናው ተቆርጧል 😄

ጽሑፉን አገኘሁት፣ 3ጂ 0.75 ይላል። ፋቅኩት፣ መዳብ ነው። አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ። ቡኒ፣ ሰማያዊ እና ቢጫ አረንጓዴ ሦስት ሽቦ አለው። ሁለቱን ስፒከር በዚህ በአንድ ገመድ ማድረስ አልችልም ወይ? ቡኒ ለቀኝ፣ ሰማያዊ ለግራ፣ ቢጫ አረንጓዴውን ለሁለቱም ኔጌቲቭ። የግራው በመንገዱ ላይ ነው ያለው። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ገመዶች እኩል ርዝመት መሆን አለባቸው ይላል አንዱ፣ እውነት ነው? ለግራው ስድስት ሜትር ትርፍ ጠቅልዬ ላስቀምጥ?

ቴስተር

አንድ ኔጌቲቭ ለሁለት የሚለውን ተወው። አንዳንድ አምፕ ላይ ሁለቱ ኔጌቲቮች ውስጥ ለውስጥ ይገናኛሉ፣ ብዙ አዳዲስ አምፖች ላይ ግን «ኔጌቲቭ» የተባለውም ራሱ ሲግናል አለበት። እነሱን ካገናኘሃቸው ሾርት ነው፣ ባለሙያ ጋ ይዘኸው ትሄዳለህ። ያንተ አሮጌ ስለሆነ ሊሠራ ይችል ይሆናል፣ ነገ አምፕ ስትቀይር ግን ገመዱን ረስተኸው ትሰካዋለህ።

ለሦስተኛዋ ሽቦ የተሻለ ሥራ አለኝ። 0.75 ካሬ ለ9 ሜትር ደርሶ መልስ 0.47 ኦም ገደማ ነው፣ ከ0.4ቱ ትንሽ ያልፋል። ሰማያዊውንና ቢጫ አረንጓዴውን ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ላይ ጠምዝዘህ ኔጌቲቭ አድርጋቸው፣ ቡኒው ፖዘቲቭ። ወደ 0.35 ኦም ይወርድልሃል። ምንም ሳትገዛ ከ0.4ቱ በታች ገባህ። (ባታደርገውም እውነቱን ለመናገር ጆሮህ አይለየውም፣ የድምፅ ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል በታች ነው። ግን ሽቦዋ ካለች ለምን ሥራ ትፈታለች።)

ስለ እኩል ርዝመት፦ ትርፉን አትጠቅልል። በስድስት ሜትር ልዩነት ሲግናሉ የሚዘገየው 30 ናኖ ሰከንድ አካባቢ ነው። ድምፅ አየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ራስህን አንዲት ሴንቲሜትር ዘንበል ብታደርግ ከዚያ ሺህ ጊዜ የበለጠ መዘግየት ፈጠርክ።

ኬብል_ሰብሳቢ

ስታስር ጊዜ ስጠው፣ ችግር ከመጣ የሚመጣው ጫፉ ላይ ነው።

አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ላጥ። ክሮቹን በጣትህ በአንድ አቅጣጫ ጠበቅ አድርገህ ጠምዝዝ። አምፑ ጀርባ ላይ ካስገባህ በኋላ መብራት አብርተህ ቀዳዳዎቹን እያቸው፣ ከፖዘቲቩ አንዲት ፀጉር የምታክል ክር ወጥታ ኔጌቲቩን ከነካች አምፑን የምታቃጥለው እሷ ነች። ጓደኛህ «የመብራት ገመድ አምፕ ያቃጥላል» ያለው ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ይሆናል። በካቻቢቴ የሚጠብቅ ብሎን ከሆነ ሊድ አትቀባው፣ ሊድ ለስላሳ ስለሆነ ሲቆይ እየሳሳ ብሎኑ ይላላል። በስፕሪንግ የሚነክስ ከሆነ ግን ቀጭን ሊድ ብታስነካው ክሮቹን ይሰበስብልሃል።

ገመድ መቀጠል ካለብህ የፖዘቲቩንና የኔጌቲቩን መቀጠያ ጎን ለጎን አታድርግ። አንዱን አራት ሴንቲሜትር ቀደም፣ ሌላውን ዘግየት አድርገህ ቁረጥ፣ በካውያ አጣብቅ፣ እያንዳንዱን ለብቻው በናስትሮ ጠቅልል። ናስትሮው ቢላቀቅ እንኳን ፊት ለፊት ስላልሆኑ አይነካኩም።

ጆሮዬ_ይመስክር

እሺ፣ ገመዱን ተውኩት። ግን ቡኒውና ሰማያዊው በሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት መግባቱን አረጋግጥ። ያንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ድምፃዊውም መሃል መቆሙን ትቶ በክፍሉ ውስጥ ይንከራተታል። ያኔ ገመዱን ነው የምትረግመው፣ ጥፋቱ ግን የአስተሳሰር ነው።

ከተጠራጠርክ ገመዱን ከአምፑ ንቀልና 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት አስነካው። የባትሪው ፖዘቲቭ ስፒከሩ ላይ ቀይ ወደተባለው በሚሄደው ሽቦ ላይ ከሆነ ትልቁ ኮን ወደ ውጭ ይገፋል። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። አስነክተህ ወዲያው አንሣ፣ ይዘህ አትቆይ።

ሰላማዊ_ጆሮ

ቤዙ አለ፣ ድምፃዊውም መሃል ነው። ግራውን በኔትወርክ ኬብል፣ ቀኙን በኤክስቴንሽኑ ነው ያደረግኩት፣ ዓይን ጨፍኜ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። አንድ የመጨረሻ ነገር። የቀኙን ገመድ በግድግዳው ላይ ባለው የመብራት ቱቦ ውስጥ ባሳልፈው በር መዞር ይቀርልኛል፣ ይቻላል?

ካውያ_ያዥ

አይቻልም። ከመብራት ሽቦ ጋር ጎን ለጎን በክፍሉ ጥግ ቢሄድ ለስፒከር ችግር የለውም፣ ድምፅም አይገባበትም። አንድ ቱቦ ውስጥ ግን አታስገባው። የመብራቱ ሽቦ አንድ ቀን ቢላጥ 220 ቮልቱ ቀጥታ አምፕህ ላይ ነው የሚመጣው፣ ከዚያም በሁሉም ገመድ በኩል እጅህ ላይ። ደግሞ ያንተ ገመድ ቡኒና ሰማያዊ ነው፣ ነገ ያን ቱቦ የሚከፍተው ኤሌክትሪሻን የመብራት መስሎት ያገናኘዋል። በሩን ዙረው፣ ጫፎቹ ላይም ናስትሮ ለጥፈህ «ስፒከር» ብለህ ጻፍበት።